ለኢላማ ተኩስ የሚሆን ባለ22 ጠመንጃ አመራረጥ

በአሜሪካ የጠመንጃ መሸጫ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ባለ22 ጠመንጃዎች ለጀማሪ ዓይን አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ዋጋቸው ግን ከጥቂት መቶ ዶላር ተነስቶ እስከ ብዙ ሺህ ይዘልቃል። ልዩነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ሳያውቅ የገባ ሰው ወይ ለማይጠቀምበት ነገር ብዙ ከፍሎ ይወጣል፣ ወይ በርካሽ የገዛውን ብዙ ሳይቆይ በኪሳራ ይሸጠዋል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አሜሪካ ሆነው ለኢላማ ተኩስ ስፖርት የመጀመሪያቸውን በእጅ የሚቀባበል አነስተኛ ካሊበር ጠመንጃ ለመግዛት ላሰቡ ነው። አውሮፓ ላሉትም ከሕጉ በቀር አብዛኛው ይሠራል።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ከበጀትዎ ትልቁን ድርሻ ለጥይትና ለልምምድ ያስቀሩ። ለጠመንጃው በሚያወጡት ገንዘብ ደግሞ በመጀመሪያ ለሰውነትዎ የሚስማማ ሰደፍና ንጹሕ ቃታ ይግዙ። የፋብሪካው ዝና፣ የእንጨቱ ውበት፣ የመነጽሩ ግዝፈት ከዚያ በኋላ ይምጡ።

ከሱቁ በፊት ሕጉን

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ጠመንጃ መሸጥ አይችልም። ገዢው ቅጽ 4473 የሚባለውን ሞልቶ ይፈርማል፤ ከዚያም ያለፈ ታሪኩ ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው ቋሚ ነዋሪ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቀድለትም። ከዚህ በላይ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ይጨምራል። ኢሊኖይ የጦር መሣሪያ ባለቤትነት መታወቂያ፣ ኒው ጀርዚ ደግሞ የመግዣ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ በፖሊስ መመዝገብ አለበት፤ ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ደንቡ ሌላ ነው። ስለዚህ ወዳጅዎ በእሱ ግዛት ያደረገውን ሰምተው ብቻ አይግዙ።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው በተለይ መነገር ያለበት ነገር አለ። ለዘመድ ዕቃ ገዝቶ መስጠት እኛ ዘንድ ወግ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ፣ ቅጹ ላይ ‹‹ትክክለኛው ገዢ እኔ ነኝ›› ብሎ ፈርሞ ጠመንጃ መግዛት ግን ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አብራምስኪ በሚባለው መዝገብ የወሰነው ይህንኑ ነው። ሰውየው ቨርጂኒያ ውስጥ ለአጎቱ ሽጉጥ ገዝቶ ነበር። አጎቱ በራሱ ስም መግዛት የሚችል ሰው ቢሆንም ጥፋተኛነቱ ጸንቷል። ዘመድዎ ጠመንጃ ከፈለገ ራሱ ይሂድ፣ ራሱ ይፈርም።

ጀርመን ውስጥ ለስፖርት ተኩስ ጠመንጃ ለመግዛት ቢያንስ 12 ወር የክለብ አባል ሆኖ አዘውትሮ መተኮስ ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ግድ ነው። አገር ቤት ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ‹‹ትንሽ ናት፣ የስፖርት ናት›› የሚል ምክንያት ፈቃድን አይተካም።

ሕጉን ካወቁ በኋላ ሱቅ ሳይሆን ክለብ ይሂዱ። ብዙ ክለቦች ለጀማሪ የሚያውሱት ጠመንጃ አላቸው። አባላቱም ስለ ጠመንጃቸው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ ‹‹እስቲ ሞክረው›› ብለው የሚያቀብሉም ጥቂት አይደሉም። የሦስት ወይም የአራት ሰው ጠመንጃ ተኩሶ የመጣ ገዢና በቪዲዮ ብቻ ያየ ገዢ ሱቅ ውስጥ የሚጠይቁት ጥያቄ አይገናኝም።

ጥይቱ የሚያዝዘው

ባለ22 ስንል ሙሉ ስሙ .22 ሎንግ ራይፍል ስለሚባለው ጥይት ነው። በ1887 የአሜሪካው ስቲቨንስ ኩባንያ ያወጣው ሲሆን ዛሬም ከዓለም ጥይቶች ሁሉ በብዛት ከሚተኮሱት አንዱ ነው። እርሳሱ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋትና አብዛኛውን ጊዜ 2.6 ግራም ክብደት አለው። ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ከምንም አይቆጠርም። ለዚህም ነው ጀማሪ ሳይደነግጥ፣ ትከሻውም ሳይታመም አንድ መቶ ጥይት ተኩሶ የሚውልበት።

የጠመንጃውን ምርጫ የሚወስነው ግን የጥይቱ አሠራር ነው። በትልልቆቹ ጥይቶች ማቀጣጠያው በቀልሃው ግርጌ መሐል ላይ ተለይቶ ይቀመጣል። በባለ22 ግን ማቀጣጠያው በግርጌው ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን የተሞላ ስለሆነ መርፌው የሚመታው ጠርዙን ነው። ጠርዙ አንድ ጊዜ ከተመታ ቀልሃው ተመልሶ አይሞላም። የትልቅ ጠመንጃ ተኳሽ ቤቱ ቁጭ ብሎ ባሩዱን እየመዘነ ለጠመንጃው የሚስማማ ጥይት ያዘጋጃል። ባለ22 የያዘ ሰው ግን ፋብሪካው ከሚሸጥለት መምረጥ ብቻ ነው ያለው። ይህን አይርሱት፤ በመጨረሻ ስለ ጥይት ፍተሻ ስናነሳ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። ለኢላማ ተኩስ የሚሠሩት ጥይቶች በሰከንድ ከ320 እስከ 330 ሜትር ገደማ ይወጣሉ። ይህ በ20 ዲግሪ ሙቀት 343 ሜትር ከሆነው የድምፅ ፍጥነት ያነሰ ነው፤ ሆን ተብሎም ነው። ከድምፅ በላይ ፈጥኖ የወጣ ጥይት መንገድ ላይ ፍጥነቱ እየቀነሰ የድምፅን ወሰን ወደ ታች ሲሻገር ይናወጣል። ነፋስም ይበልጥ ይገፋዋል። ፈጣኑ ጥይት ቶሎ ስለሚደርስ ነፋስ የሚያገኘው ጊዜ ያነሰ ሊመስል ይችላል። የነፋሱን ግፊት የሚወስነው ግን ጥይቱ በአየር መጋተር ምክንያት የሚያባክነው ጊዜ ነው፤ ይህ መጋተር ደግሞ በድምፅ ፍጥነት አካባቢ በድንገት ይጨምራል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ‹‹እጅግ ፈጣን›› የሚል የተጻፈበትን ለኢላማ ብለው አይግዙ።

በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ የሚመረጠውም ከዚሁ የተነሳ ነው። በራሱ የሚቀባበለው ዓይነት ቀልሃውን አስወጥቶ ቀጣዩን ለማጉረስ የጥይቱን ግፊት ይጠቀማል፤ ለስለስ ያለውን የኢላማ ጥይት ይዞ የሚደነቃቀፈውም ለዚህ ነው። ጥይቱ የሚያርፍበትን ክፍልም ብዙ ጊዜ ሰፋ አድርገው ይሠሩለታል። ምንሽር ወይም ለበን ሲቀባበል ያየ ሰው በእጅ የሚቀባበለውን አሠራር ያውቀዋል፤ መቀርቀሪያውን ወደ ላይ አንስቶ፣ ወደ ኋላ ስቦ፣ ወደ ፊት ገፍቶ መዝጋት ነው። መቀርቀሪያው ሲከፈት ክፍሉ ባዶ መሆኑ ለተኳሹም ለጎረቤቱም ወለል ብሎ ይታያል። በተኩስ ሜዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ትንሽ ነው ብሎ መናቅ ደግሞ ሰው ይገድላል። ይህ ጥይት ሽቅብ ከተተኮሰ እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል ከኢላማው ጀርባ አፈር ወይም ጥይት ማቆሚያ ግድግዳ በሌለበት ቦታ አይተኮስም። የዓይንና የጆሮ መከላከያ ይደረጋል። ጠመንጃ ሁልጊዜ እንደጎረሰ ተቆጥሮ ይያዛል፣ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም፣ ለመተኮስ እስኪወሰን ድረስ ጣት ቃታ ውስጥ አይገባም። እርሳሱም ሆነ ማቀጣጠያው የእርሳስ ብናኝ ስለሚተው ከተኩስ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ፣ ልጅ ማቀፍ አይገባም።

ምን ሊተኩሱበት ነው?

ለኦሎምፒኩ 50 ሜትር ውድድር የሚሆን ጠመንጃና በክለብ ቅዳሜ ጠዋት ለሚደረግ ልምምድ የሚሆን ጠመንጃ የተለያዩ ናቸው። ሻጩ ይህን ሳይጠይቅዎ ጠመንጃ ማውረድ ከጀመረ እርስዎ ያስቁሙት።

የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን 50 ሜትር ውድድር ተንበርክኮ፣ ተኝቶና ቆሞ የሚተኮስ ነው። የአሥር ነጥብ ክቡ ወርድ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የጥይቱን እጥፍ እንኳ አይሞላም። ጠመንጃው እስከ 8 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ሰደፉ፣ የጉንጭ ማሳረፊያው፣ የእጅ መደገፊያው ሁሉ በብሎን እየተፈታ የሚስተካከል ነው፤ መነጽርም አይፈቀድም። ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ከአሠልጣኝ ጋር ሳይነጋገር ምንም መግዛት የለበትም። በተኝቶ ብቻ የሚተኮሰው ውድድር ከሪዮ 2016 ወዲህ ከኦሎምፒክ ወጥቷል፤ በክለቦች ግን አሁንም ይወደዳል። ለጀማሪም ከሁሉ የተሻለ አስተማሪ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለአብዛኛው አንባቢ የሚቀርበው ግን በአሜሪካ የሲቪል ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም የሚያካሂደው የስፖርተር ውድድር ነው። በ50 እና በ25 ያርድ ይተኮሳል። ጠመንጃው ከነማነጣጠሪያውና ከነማንገቻው ከ7.5 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3.4 ኪሎ፣ መብለጥ የለበትም። ቃታውም ቢያንስ 3 ፓውንድ ማንሳት አለበት። ይህ ደንብ የተዘጋጀው ከመደርደሪያ ላይ የወረደ ተራ ጠመንጃ እንዲወዳደር ተብሎ ነው። ወፍራም ቱቦ ያለው አምስት ኪሎ ጠመንጃ ገዝተው ከሆነ ግን በሩ ይዘጋብዎታል። በሌላ በኩል ‹‹ኤንአርኤል22›› የሚባለው ውድድር በመነጽር፣ ከተለያየ መደገፊያ ላይ፣ እስከ 100 ያርድ የሚተኮስ ስለሆነ እዚያ ከባድ ጠመንጃ ይጠቅማል። ማንበብ ያለብዎት የሱቁን ካታሎግ ሳይሆን የውድድሩን ደንብ ነው፤ ያውም ከመግዛትዎ በፊት።

ሰደፉ ከሰውነትዎ ጋር

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ሰደፍ እንደ ጫማ ነው፤ የሌላ ሰው ልክ የእርስዎ አይሆንም። በመጀመሪያ ግን ዓይንዎን ይፈትሹ። ሁለት እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው በመዳፎችዎ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥሩና በሁለት ዓይንዎ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር ይመልከቱ። አሁን አንዱን ዓይን ይጨፍኑ። ነገሩ አሁንም ከታየዎት ያልተጨፈነው ዓይን የበላዩ ነው፤ ከጠፋብዎት ሌላኛው ነው። የበላዩ ዓይንዎ ግራው ከሆነና ቀኝ እጅ ከሆኑ ለአሠልጣኝ ይንገሩ፤ ገና ሳይለምዱ በግራ ትከሻ መጀመር ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ግራ እጅ ለሆነ ሰው መቀርቀሪያው በግራ የሆነ ጠመንጃ ይሠራለታል፤ ሲዜድ እና ሳቬጅ የተባሉት ፋብሪካዎች የግራ ሞዴል አላቸው። ‹‹ትለምደዋለህ›› ብሎ የቀኙን የሚሸጥልዎትን አይስሙ።

ቀጥሎ ርዝመት። ክንድዎን በክርንዎ ላይ አጥፈው የሰደፉን ጀርባ በክርንዎ መታጠፊያ ላይ ያሳርፉት፤ ጠቋሚ ጣትዎ ቃታውን ሳይንጠራራ የሚደርስ ከሆነ ወደ ልክዎ ተጠግቷል። ይህ ግምት ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ፈተና በትከሻ ላይ ሲያነሱት ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ከሻጩ ጋር አብረው ያረጋግጡ፣ አፈሙዙን ወደሚፈቀደው አቅጣጫ ያድርጉ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ወደ ትከሻዎ ያንሱትና ጉንጭዎን ያሳርፉ። ከዚያ ዓይንዎን ይግለጡ። በማነጣጠሪያው ወይም በመነጽሩ መሐል የሚያዩ ከሆነ ጥሩ ነው። አንገትዎን ማስገግ፣ አገጭዎን ማንሳት ካስፈለገዎት ሰደፉ ለእርስዎ አይደለም። አንድ ጊዜ የማይሰማዎት መንጠራራት በሠላሳኛው ጥይት ላይ አንገትዎን ያዝለዋል፤ የዛለ አንገት ደግሞ ጉንጩን በየጊዜው ሌላ ቦታ ያሳርፋል፣ ዓይኑም መስመሩን ይስታል።

አጠር ያሉ ሰዎችና ሴቶች በፋብሪካው ልክ ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ፤ አብዛኛው የአሜሪካ ሰደፍ ከ34 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ የሚሠራው ለረጅም ወንድ ነው። መርዘምና ማጠር የሚችል ሰደፍ፣ ከፍና ዝቅ የሚል የጉንጭ ማሳረፊያ ያለው ጠመንጃ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶላር ቢጨምርም ይክፈሉት። በተለይ ባልና ሚስት ወይም አባትና ልጅ በአንድ ጠመንጃ የሚተኩሱ ከሆነ።

ክብደቱም የሰውነት ጉዳይ ነው። ከባድ ጠመንጃ በመደገፊያ ላይ ዝም ይላል፤ ቆመው ሲተኩሱ ግን ክንድ ያንቀጠቅጣል። ሦስት ኪሎ ተኩል አካባቢ ያለው ለሁሉም አቋቋም የሚሆን አማካይ ነው። ሱቁ ውስጥ አንስተው ወዲያው አይመልሱት፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይያዙት።

ቃታ

ተኳሹ ካሰበው በፊት ወይም በኋላ የሚለቅ ቃታ የትኛውንም ምርጥ ቱቦ ከንቱ ያደርገዋል። ጥሩ ቃታ ሲሳብ አይፈጭም፣ አይንሸራተትም፤ የተወሰነ ግፊት ላይ ሲደርስ እንደ ስስ ብርጭቆ በአንዴ ይለቃል። ከለቀቀ በኋላም ወደ ኋላ ብዙ አይሮጥም። ክብደቱ ለጀማሪ ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ይበቃል፤ ንጽሕናው ከቅለቱ ይበልጣል። ባለ ሁለት ደረጃ የሚባሉት ቃታዎች መጀመሪያ ለስለስ ብለው ይሳቡና አንድ ግድግዳ ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ ትንሽ ሲጫኑ ይለቃሉ። የውድድር ሰዎች ይህን ይወዳሉ፤ እኔም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ጣት የት እንዳለ ይታወቃል።

ቃታውን ሱቅ ውስጥ ለመሞከር ሲፈልጉ ግን ሻጩን ያስፈቅዱ። በባለ22 መርፌው ጠርዝ ስለሚመታ ጥይት በሌለበት ሲለቀቅ በአንዳንድ ጠመንጃዎች የክፍሉን አፍ ይቆረቁራል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ይህን እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ቢሆኑም የሚታመነው የጠመንጃው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ካልተፈቀደ የተተኮሰ ባዶ ቀልሃ አጉርሶ መሞከር ይቻላል።

ቱቦው

ሰዎች ብዙ የሚጨነቁት በዚህ ቢሆንም በቶሎ የሚታለፍ ነው። በባለ22 ጥይት ውስጥ ያለው ባሩድ ጥቂት ስለሆነ ከ16 እስከ 18 ኢንች ቱቦ ውስጥ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ በላይ ያለው ርዝመት ፍጥነት አይጨምርም። በብረት ማነጣጠሪያ ለሚተኩስ ሰው ግን ሁለቱን ማነጣጠሪያዎች ስለሚያራርቅ ስሕተትን ይቀንሳል። በመነጽር ለሚተኩስ አጭርና ወፍራም ቱቦ ይበቃል። ቱቦው ከሰደፉ እንጨት ጋር አለመነካካቱን አንድ ወረቀት በመካከላቸው እያንሸራተቱ ይፈትሹ።

ከርዝመቱ ይልቅ ጥይቱ የሚያርፍበት ክፍል ጥበቱ ዋጋ አለው። ‹‹ማች›› የሚል ምልክት ያላቸው ሞዴሎች ክፍላቸው ጠባብ ሆኖ እርሳሱ በቱቦው ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ ቀድሞ ይነካል፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይጀምራል። ጉዳቱ አንዳንድ ጥይት ለመጉረስ ማስቸገሩና ያልተተኮሰውን ማስወጣት አለመመቸቱ ነው። ለኢላማ ብቻ ከሆነ ይህን ይታገሡት።

ማነጣጠሪያ

ስፖርቱ መነጽር ካልፈቀደ በቀዳዳ የሚታይ የኋላ ማነጣጠሪያ ይግዙ፤ ቪ ቅርጽ ካለው ተራው ማነጣጠሪያ ጋር አይወዳደርም። መነጽር ከሆነ ደግሞ ከማጉላት ኃይሉ በፊት የትኛው ርቀት ላይ ጠርቶ እንደሚሠራ ይጠይቁ። ለትልቅ ጠመንጃ የሚሠሩ መነጽሮች አብዛኞቹ ለ100 ያርድ የተስተካከሉ ናቸው። በ50 እና በ25 ያርድ ላይ ዓይንዎን ትንሽ ባንቀሳቀሱ ቁጥር መስቀሉ በኢላማው ላይ ይንሸራተታል፤ ተኳሹም ጥፋቱ የጠመንጃው ይመስለዋል። ለ50 ያርድ የተሠራ የባለ22 መነጽር፣ ወይም ይህን ርቀት በጎን ወይም በፊት ቀለበት ማስተካከል የሚቻልበትን ይምረጡ። ማሰሪያውም ከጠመንጃው ሐዲድ ጋር ይግጠም። ሲዜድ የመሳሰሉት 11 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አላቸው፤ ሌሎቹ ፒካቲኒ የሚባለውን ይዘው ይመጣሉ። ማሰሪያ ሳይጠይቁ ገዝቶ ሱቅ ለሱቅ መንከራተት የተለመደ ስሕተት ነው።

የትኛውን ስም?

በጥቂት ገንዘብ ለሚጀምር የሳቬጅ ማርክ 2 ወፍራም ቱቦው ዓይነትና የሩገር አሜሪካን ሪምፋየር ይበቃሉ። ሳቬጅ ባለቤቱ ራሱ የሚያስተካክለው ‹‹አኩትሪገር›› የተባለ ጥሩ ቃታ አለው፤ ፕላስቲክ ሰደፉ ግን ቀላልና ተለማጭ ነው። ሩገር የጉንጭ ማሳረፊያው ክፍል ይለዋወጣል፣ ካዝናውም ከዚያው ፋብሪካ ታዋቂ ጠመንጃ ከ10/22 ጋር አንድ ነው።

እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ግን ከቼክ ሪፐብሊክ ኡኸርስኪ ብሮድ ከተማ የሚመጣውን ሲዜድ 457 ነው። መቀርቀሪያው 60 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሳ ከመነጽር ጋር አይነካካም፣ ቃታው ይስተካከላል፣ ቱቦው ይለዋወጣል፣ ከቀላሉ የአደን ዓይነት እስከ ባለ ጠባብ ክፍሉ የውድድር ሞዴል ድረስ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያገኙታል። ከእሱ ጋር ጎን ለጎን የሚታየው የፊንላንዱ ቲካ ቲ1ኤክስ ነው፤ መቀርቀሪያው በጣም ልስልስ ነው፣ ለታላቅ ወንድሙ ቲ3ኤክስ የተሠሩ ሰደፎችም ይገጥሙታል። በመደገፊያ ላይ ለሚተኩስ የስፔኑ በርጋራ ቢ14አር ጥሩ ነው፤ ክብደቱን ግን ያስቡበት።

ከእነዚህ በላይ ያለው የጀርመኑ አንሹትዝ ነው። በ1856 የተቋቋመ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ኡልም ከተማ የተዛወረ ፋብሪካ ሲሆን በኦሎምፒክም በባያትሎንም ስሙ የታወቀ ነው። ጥራቱ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ዓመት ተኳሽ የእሱን ጥቅም ከሲዜድ ለይቶ ኢላማው ላይ ሊያሳይ አይችልም። ለአንሹትዝ የሚከፍሉትን ልዩነት በጥይት ይግዙበት፤ በዚያ ጥይት ከተለማመዱ በኋላም አንሹትዝ ካማረዎት ያገለገለ ይፈልጉ።

ያገለገለ ሲገዙ

ባለ22 ቱቦ በተኩስ ብዛት ቶሎ አያልቅም፤ ለስላሳ እርሳስና ጥቂት ባሩድ ብዙ አይጎዳውም። የሚጎዳው ክፉ ማጽዳት ነው። የብረት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል እያስገቡ የሚጠርጉ ሰዎች የቱቦውን ከንፈር ይገዘግዙታል፤ ጥይቱ የመጨረሻውን ንክኪ የሚያደርገው እዚያ ስለሆነ ከንፈሩ ከተቧጨረ ጠመንጃው ጥይቶቹን አንድ ቦታ ላይ አይሰበስብም። በእጅ መብራትና በማጉያ ይዩት። መቀርቀሪያውን አውጥተው በቱቦው ውስጥ ወደ ብርሃን ይመልከቱ። ጥቁር ቀለበት ከታየ ጥይት ተቀርቅሮበት ሌላ ጥይት ከኋላው የተተኮሰበት ሊሆን ይችላልና ይተዉት። የክፍሉ ጠርዝ መርፌ የመታው ጉድጓድ እንዳለውም ይፈትሹ። ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ያቀባብሉት፣ መጠበቂያውን ይዝጉና ቃታውን ይሳቡ፤ ከዚያ ጣትዎን አውጥተው መጠበቂያውን ይክፈቱ። መርፌው በራሱ ከለቀቀ ጠመንጃው አደገኛ ነው። ብሎኖቹ የተፋቁ ከሆኑ ያልሠለጠነ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው።

ከ1920 እስከ 1980 የተመረተውን ዊንቸስተር 52 በደህና ሁኔታ ካገኙ ብዙ አያንገራግሩ። ከባድ ነው፣ አሮጌ ነው፤ ተኝቶ ለመተኮስ ግን ዛሬም ያኮራል።

ጥይቱን መፈተን

ጠመንጃውን ገዝተው ከመጡ በኋላ ያለው ሥራ ከመምረጡ እኩል ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ጠመንጃዎች ከአንድ ፋብሪካ በተከታታይ ወጥተው አንዱ የሚወደውን ጥይት ሌላው ይጠላል። ቤት ውስጥ ቀምሞ ማስተካከል ስለማይቻል መፍትሔው መፈተን ብቻ ነው።

አምስት ዓይነት ጥይት ይግዙ። ሲሲአይ ስታንዳርድ፣ ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ፣ አንድ የኤሌይ፣ አንድ የአጊላ፣ አቅም ካለ የላፑዋ ሴንተር-ኤክስ ቢሆኑ ጥሩ መነሻ ነው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፈው በ50 ሜትር ይተኩሱ። እርሳሱ በሰም ወይም በቅባት የተቀባ ስለሆነ ወደ አዲስ ጥይት በተሻገሩ ቁጥር ቱቦው አዲሱን ቅባት እስኪለምድ ድረስ ያሉትን ጥይቶች አይቁጠሩ፤ ሃያ ያህል ይተኩሱና ከዚያ ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት ጥይት ያላቸው አምስት ስብስቦች ይሥሩ። አንድ ያማረ ስብስብ አይቶ መደሰት አያስፈልግም፤ ዕድል ሊሆን ይችላል። የአምስቱን አማካይ ይያዙ። መካከለኛ ዋጋ ያለው ጠመንጃ ከሚስማማው ጥይት ጋር በ50 ሜትር በአማካይ 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሰበሰበ ይርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእርስዎ ነው።

በ50 ሜትር ያስተካከሉት ጠመንጃ በ100 ሜትር ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ይህ የጥይቱ ባሕርይ እንጂ የጠመንጃው ጉድለት አይደለም። ስብስቡ በድንገት ከተበተነ ደግሞ ጥይቱን ከመውቀስዎ በፊት ጠመንጃውን ከሰደፉ ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖችና የመነጽሩን ማሰሪያ ያጥብቁ። ቱቦውን ሲያጸዱ ከኋላ በኩል፣ በተሸፈነ አንድ ወጥ ዘንግ ያጽዱ። በየሳምንቱ መፋቅ አያስፈልግም። ቤት ሲገቡ ጠመንጃው በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ቦታ ይሁን።

የሚስማማዎትን ጥይት ሲያገኙ ሳጥኑ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ይጻፉ። ያው ስም ያለው ጥይት በሌላ ምርት ቁጥር ሲመጣ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ላፑዋና ኤሌይ ተወዳዳሪዎች ጠመንጃቸውን አምጥተው የተለያዩ ምርት ቁጥሮችን የሚፈትኑበት ጣቢያ ያቋቋሙት በዚሁ ምክንያት ነው። እርስዎ ወደዚያ መሄድ አያስፈልግዎትም። ፈተናውን በጨረሱ ማግስት ወደ ሱቁ ይመለሱና አቅምዎ የፈቀደውን ያህል ከዚያው ምርት ቁጥር ይግዙ፤ ሱቁ ሳይጨርሰው።